ወንድና ሴት ላቭበርድ ይዛችሁ ጫጩት ካልፈለጋችሁ

ሁለት ላቭበርድ (ከበቀቀን ወገን የሆነ ትንሽ ወፍ) ቤት ካስገባችሁ ከጥቂት ወራት በኋላ ኬጁ ወለል ላይ ትንሽ ነጭ እንቁላል ልታገኙ ትችላላችሁ። ብዙ ሰው ይህን ሲያይ ደስ ይለውና የጎጆ ሳጥን ገዝቶ ያስገባል። ከዚያ በኋላ ነገሩ ከእጁ ይወጣል። ሴቷ በአንድ ዙር ብዙውን ጊዜ ከ4 እስከ 6 እንቁላል ትጥላለች። 23 ቀን ገደማ ትታቀፋለች። ጫጩቶቹ በ6 ሳምንት አካባቢ ከጎጆ ይወጣሉ፤ እነሱ ገና ራሳቸውን ችለው መብላት በወጉ ሳይለምዱ እናታቸው ሌላ ዙር መጣል ልትጀምር ትችላለች። በዓመት 3 ዙር ብቻ ቢሆን እንኳ በ2 ወፍ የጀመረው ቤት ከ10 በላይ ወፍ ይሞላዋል። ለሁሉም ቦታ፣ ምግብና የሚወስዳቸው ሰው ከየት ይመጣል?

እኔን ከዚህም በላይ የሚያሳስበኝ የሴቷ ጤና ነው። እንቁላል ቅርፊት ያስፈልገዋል፤ ቅርፊቱ የሚሠራው ደግሞ ከእሷው ካልሲየም ነው። ያለ እረፍት የምትጥል ሴት አጥንቷ ይሳሳል፣ ጡንቻዋ ይደክማል፣ አንድ ቀን እንቁላሉ አልወጣ ብሎ ውስጧ ይቀራል። ያ ቀን ከመጣ ጉዳዩ የሞትና የሕይወት ነው።

ስለዚህ ጫጩት የማትፈልጉ ከሆነ ምክሬ አንድ ነው፤ ወንዱንና ሴቷን ለየብቻ ኬጅ ውስጥ አኑሯቸው፤ ኬጆቹን ግን ጎን ለጎን አድርጓቸው። ስለ ብርሃን፣ ስለ ምግብና ስለ መደበቂያ ቦታ ከታች የምጽፈው ሁሉ ይህን የሚያግዝ ነው እንጂ የሚተካው አይደለም።

መጀመሪያ በእርግጥ ወንድና ሴት ናቸው ወይ?

ሻጩ «ጥንድ ናቸው» ስላላችሁ ብቻ አትመኑ። ከ9ኙ የላቭበርድ ዝርያዎች አብዛኞቹ ወንዱም ሴቷም አንድ ዓይነት መልክ ነው ያላቸው። ሰው ቤት በብዛት የሚገኙት ፊቱ ሮዝ የሆነው ፒች ፌስ፣ ፊሸር እና ጭንቅላቱ ጥቁር የሆነው ማስክድ በዓይን አይለዩም። በዓይን ከሚለዩት ጥቂቶች አንዱ የእኛው አገር ወፍ ነው፤ በኢትዮጵያና በኤርትራ ደጋ የሚኖረው፣ አዲስ አበባ ውስጥ ትልልቅ ዛፍ ባለበት ግቢ ሁሉ የሚታየው፣ ክንፉ ጥቁር የሆነው ላቭበርድ። የእሱ ወንድ ግንባሩ ቀይ ነው፤ ሴቷ ግንባሯም አረንጓዴ ነው። (እሱን ግን ከዛፍ አጥምዶ ማምጣት አይሆንም። ዱር የለመደ ወፍ ኬጅ ውስጥ ሲሰቃይ ማየት ያማል።)

ውጭ አገር ያላችሁ ጥቂት ላባ ወደ ላቦራቶሪ ልካችሁ በዲኤንኤ ማስለየት ትችላላችሁ፤ አስተማማኙ መንገድ ይሄ ነው። አንዳንዱ ሰው የዳሌ አጥንቷን በጣት ዳብሶ «ሰፊ ነው፣ ሴት ናት» ይላል። እሱ ልትጥል ለተቃረበች ሴት ይሠራ ይሆናል፤ ለሌላው ጊዜ ግምት ነው።

ዲኤንኤው ካልተመቻችሁ ባህሪያቸውን ተመልከቱ። ለፒች ፌስ አንድ ንጹሕ ወረቀት ስጡና ትንሽ ራቅ ብላችሁ እዩ። ሴቷ የወረቀቱን ጠርዝ በምንቁሯ ጠክ ጠክ እያደረገች ትበሳዋለች፤ በመቀስ የተቆረጠ የሚመስል ረዥም ቀጭን ቁራጭ ታወጣለች፤ ከዚያ አንገቷን ወደ ኋላ አዙራ ቁራጩን ከወገቧ በታች ባሉት ላባዎች መሃል ትሸጉጠዋለች። አምስት ስድስት ቁራጭ ጀርባዋ ላይ ተሸክማ ስትሄድ ልታዩ ትችላላችሁ። ወንዱም አንዳንዴ ይሞክራል፣ ግን ቁራጩ ያልተስተካከለ ይሆናል ወይም ይወድቅበታል። ፊሸርና ማስክድ ደግሞ ጀርባቸው ላይ አይሸጉጡም፤ በምንቁራቸው ይዘው ነው የሚሄዱት። ይህን ካያችሁ በኋላ ወረቀቱን አንሱት፤ ለምን እንደሆነ ከታች እመጣበታለሁ።

እንቁላል መኖሩ ራሱ ወንድ መኖሩን አያሳይም። ሴት ላቭበርድ ያለ ወንድም ትጥላለች፣ ልክ እንደ ዶሮ። ሁለት ሴቶች አንድ ላይ ካሉ ሁለቱም ጥለው ኬጁ ውስጥ 8 ወይም 10 እንቁላል ሊከማች ይችላል፤ አንዱም አይፈለፈልም። እንዲህ ከሆነባችሁ ወንድ የላችሁም ማለት ሊሆን ይችላል።

ሁለት ኬጅ፣ ጎን ለጎን

ሰዎች ይህን ስላቸው ፊታቸው ይጨልማል። «ተለያይተው በናፍቆት ይሞታሉ» ይሉኛል። ላቭበርድ ጓደኛ የሚፈልግ ወፍ መሆኑ እውነት ነው፤ ግን እየተያዩ፣ እየተጠራሩ፣ በቀን የተወሰነ ሰዓት አብረው እየወጡ ከኖሩ አይጎዱም። የሚጎዳቸው አንዱን ሌላ ክፍል ወስዶ ፈጽሞ ማራቅ ነው። የመጀመሪያው ሳምንት ጫጫታ ይኖራል፣ ሽቦው ላይ ተንጠልጥለው ይጣራሉ። ታገሱ። አዝናችሁ መልሳችሁ ብትቀላቅሏቸው በሚቀጥለው ጊዜ መለየቱ የባሰ ይከብዳል።

እያንዳንዱ ኬጅ ቢያንስ 60 ሴንቲ ሜትር ርዝመት፣ 45 ወርድና 45 ከፍታ ቢኖረው ጥሩ ነው። ከዚህ ቢሰፋ ይመረጣል፤ ርዝመቱ ከከፍታው ይበልጣል ጥቅሙ፣ ምክንያቱም ወፍ ወደ ጎን ነው የሚበርረው። በሽቦዎቹ መሃል ያለው ክፍተት ከ1.5 ሴንቲ ሜትር አይብለጥ፣ ጭንቅላታቸውን ሊያሾልኩ ይችላሉ። መቆሚያ እንጨቶቹን በሁለቱም ኬጅ በኩል ትይዩ አድርጉ፤ ማታ ፊት ለፊት ተያይተው ነው የሚተኙት።

ሁለቱን ኬጆች ግን አታጣብቋቸው፤ በመሃላቸው ቢያንስ አንድ ስንዝር ይኑር። ላቭበርድ ሽቦ ላይ በእግሩ ይንጠለጠላል፣ ወዲያ ማዶ ያለው ደግሞ ያንን ጣት ይነክሳል። ምንቁሩ ትንሽ ቢመስልም የጣት ጫፍ ይቆርጣል። ሴቷ በተለይ «ይሄ ቤት የእኔ ነው» ያለች ጊዜ የምትወደውንም ወንድ አትምርም። አንድ ትልቅ ኬጅ መሃሉን በሽቦ ከፍላችሁ የምትጠቀሙ ከሆነም በአንድ ሽቦ አይበቃም፤ ሁለት ሽቦ፣ በመሃሉ ክፍተት ያለው ይሁን።

አብረው የሚወጡበት ሰዓት ይኑራቸው። ጠዋት ወይም ከሰዓት፣ እናንተ ቤት ባላችሁበት፣ መስኮትና በር ተዘግቶ፣ ማራገቢያ ጠፍቶ። አብረው ይብረሩ፣ ይታጠቡ፣ ላባ ይበጣጠሩ። ወንዱ ምግብ እየመለሰ ሲያበላት ብታዩ አትደንግጡ፤ ይህን ፍቅረኞች ሁልጊዜ ያደርጉታል። ሴቷ ዝቅ ብላ ክንፎቿን ግራና ቀኝ ዘርግታ፣ ጭንቅላቷን ቀና አድርጋ ዝም ብላ ስትጠብቅ ግን ምልክቱ ሌላ ነው፤ ወንዱ ሊወጣባት ነው። በዚያን ጊዜ ሳትጮኹ፣ ሳትመቱ፣ እጃችሁን ዘርግታችሁ አንዱን አንሱና ወደ ሌላ ነገር ውሰዱት። ደጋግመው ካደረጉት የዕለቱ ጨዋታ አበቃ፣ ሁለቱም ወደየቤታቸው።

በተለያዩ ማግስት እንቁላል ብታገኙ አትገረሙ። ከመለያየታቸው በፊት ተገናኝተው ከነበረ ሴቷ ለተወሰኑ ቀናት የዳበረ እንቁላል ልትጥል ትችላለች።

ለመተኛ ሳጥን ያስፈልጋቸዋል?

አያስፈልጋቸውም። በብዙ ቤት ችግሩን የሚፈጥረው ይሄ ሳጥን ነው። ላቭበርድ በዱር ጎጆውን የሚሠራው ጉድጓድ ውስጥ ነው፦ የዛፍ ጉድጓድ፣ የቋጥኝ ስንጥቅ፣ ሌላ ወፍ ሠርቶ የተወው ጎጆ። ስለዚህ ጨለም ያለ፣ ጠበብ ያለ፣ ሦስት ጎኑ የተሸፈነ ማንኛውም ቦታ ለሴቷ «አሁን ጣይ» የሚል ጥሪ ነው። በቤት ውስጥ መቆሚያ እንጨት ላይ ሆነው በደንብ ይተኛሉ።

ሳጥኑን አውጡ። ድንኳን የሚመስለውን የጨርቅ መተኛም አውጡ፣ የኮኮናት ቅርፊቱንም። የምግብ ሳህኑ ጥልቅ ሆኖ ሴቷ ገብታ የምትቀመጥበት ከሆነ በጠፍጣፋ ቀይሩት። ኬጁ ወለል ላይ ጋዜጣ ካነጠፋችሁ በላዩ የሽቦ ወለል ይኑር፣ እንዳትደርስበት። የምትቀዳደው ወረቀት፣ የዘንባባ ቅጠል፣ ሣር፣ የጨርቅ ክር ይጥፋ፤ ጎጆ መሥሪያዋ ናቸው። አዝናለሁ፣ ማኘክ ይወዳሉና ያሳዝናል፤ በምትኩ ወደ ቀጫጭን ቁራጭ የማይቀደድ ለስላሳ እንጨት ወይም የባሕር ዛፍ ቅርንጫፍ ስጧቸው፣ መድኃኒት ያልተረጨበት መሆኑን አረጋግጣችሁ።

ከኬጅ ውጪ ደግሞ ሌላ ሥራ አለ። ሴቷ ስትወጣ የት የት እንደምትገባ ተከታተሉ። ፍሪጅ ጀርባ፣ ሶፋ ሥር፣ በመጻሕፍት መሃል፣ ክፍት መሳቢያ ውስጥ፣ መጋረጃ ከላይ የሚታጠፍበት፣ የተሰቀለ ጃኬት ኪስ። አንድ ቦታ ደጋግማ ከሄደችና ሊያወጧት የሚሞክረውን እጅ መንከስ ከጀመረች ቦታውን መርጣለች ማለት ነው። ድፈኑት ወይም ያ ክፍል ለተወሰነ ሳምንት ይዘጋባት።

ብርሃን

የወፍ ሰውነት የመራቢያ ጊዜን የሚያውቅበት አንዱ መንገድ የቀኑ ርዝመት ነው። ቀኑ ሲረዝም ሆርሞኑ ይነሳል። ኢትዮጵያ ውስጥ ቀንና ሌሊት ዓመቱን ሙሉ እኩል ናቸው ማለት ይቻላል፣ ስለዚህ ፀሐይ ብዙ አታስቸግረንም፤ የሚያስቸግረው ሳሎን ያለው መብራትና ቲቪ ነው። ኬጁ ሳሎን ሆኖ ቤተሰቡ እስከ ምሽቱ 5 ሰዓት ካመሸ የወፏ ቀን 17 ሰዓት ሆነ ማለት ነው። አውሮፓና አሜሪካ ያላችሁ ደግሞ በበጋ ፀሐዩ ራሱ ያስቸግራችኋል፤ ስቶክሆልም ውስጥ በሰኔ ቀኑ ከ18 ሰዓት ይበልጣል፣ ዋሽንግተንም ወደ 15 ይጠጋል።

ማታ 12 ሰዓት ተኩል ገደማ ኬጆቹን ጸጥ ወዳለ ጨለማ ክፍል ውሰዱ፣ ወይም አየር በሚያስገባ ጥቁር ጨርቅ ሸፍኗቸው። ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ክፈቱ። 12 ሰዓት ሙሉ ጨለማ፣ በየቀኑ፣ ሳይዛነፍ። እንግዳ መጥቷል፣ ኳስ አለ ብሎ መዝለል የለም። ጨርቁ ስስ ሆኖ የቲቪው ብርሃን ካለፈ ምንም አልሠራችሁም። ሁለት ሦስት ሳምንት በዚህ ብትቀጥሉ ሴቷ ስትረጋጋ ታያላችሁ፤ መንከሷም ይቀንሳል።

ምግብና እጃችሁ

ምግብ የተትረፈረፈበት፣ በተለይ ለስላሳና ትኩስ ነገር የሚበዛበት ጊዜ ለወፍ የመፈልፈያ ጊዜ ነው፣ ለጫጩት የሚበላ አለና። የተቀቀለ እንቁላል፣ በውሃ ተነክሮ የበቀለ እህል፣ ሞቅ ያለ ሩዝና ገንፎ፣ ብዙ ሱፍ፤ እነዚህን ቀንሱ ወይም ለጊዜው አቁሙ። አታስርቧቸው ግን። ደረቅ የወፍ እህል ወይም ፔሌት (በፋብሪካ የተዘጋጀ እንክብል የወፍ ምግብ) በልክ ስጡ፣ ጎመንና ካሮት ጨምሩ፤ ሳህኑ ቀኑን ሙሉ ሞልቶ አይዋል። አቮካዶ ደግሞ መርዝ ነው፣ በማንኛውም ጊዜ አይቅመሱት።

ካልሲየም ግን አትቀንሱ። የወፍ ዕቃ መሸጫ ያለው ነጩ፣ ቀላሉ፣ ሽቦው ላይ የሚታሰረው የካልሲየም አጥንት ዘወትር ኬጁ ውስጥ ይኑር። ካጣችሁት የዶሮ እንቁላል ቅርፊት በደንብ ቀቅላችሁ፣ አድርቃችሁ፣ ደቁሳችሁ በትንሽ ሳህን አስቀምጡ፤ ስትፈልግ ራሷ ትበላዋለች።

ስታሻሿት ከጭንቅላትና ከአንገት አትውረዱ። ጀርባዋን መዳበስ፣ ክንፏ ሥር መንካት፣ በመዳፍ ከላይ መሸፈን ለእናንተ ፍቅር ነው፤ ለእሷ ግን የወንዱ ሥራ ነው። ብቻዋን ያለች ሴት ለሰው ብላ የምትጥለው ከዚህ የተነሳ ነው። መስታወትም ከኬጁ ይውጣ።

በአንድ ኬጅ ካላኖርናቸው ካላችሁ

የሁለት ኬጅ ቦታ የሌለው ቤት አለ፣ ይገባኛል። ያኔ ከላይ ያልኩት ሁሉ አንድም ሳይጎድል መጠበቅ አለበት፤ እንዲያም ሆኖ እንቁላል ይመጣል ብላችሁ ተዘጋጁ። ገና ካልገዛችሁ ደግሞ ሁለት ወንድ ውሰዱ፤ አብዛኛውን ጊዜ ይስማማሉ። ሁለት ሴት ግን አልመክርም፣ ሴቶቹ በቦታ ይጣላሉ፤ ጥላቸው ደግሞ ደም የሚያፈስ ነው። የተለያየ ዝርያ ብናደርግስ አይራቡም ለምትሉ፣ ይራባሉ። ፒች ፌስ ከፊሸር ጋር ይፈለፍላል፤ የሚወለደው መካን መሆኑ ነው ልዩነቱ። እንዲያውም እንዲህ ያለው ዲቃላ ሴት ጎጆ ለመሥራት ስትሞክር ቁራጩን ጀርባዋ ላይ ልሸጉጠው ወይስ በምንቁሬ ልያዘው እያለች ግራ ትጋባለች።

እንቁላል ከመጣ

አንስታችሁ አትጣሉት። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው። እንቁላሏ ሲጠፋባት ሰውነቷ «አልሞላም» ይልና ሌላ ይተካል፣ ያ ሲነሳ ደግሞ ሌላ፤ እንዲህ እያለች ያላትን ካልሲየም ጨርሳ ትወድቃለች።

የሚሻለው ይህ ነው። እንቁላሉን በመጣበት ቀን ወይም በማግስቱ ውሰዱት፣ 10 ደቂቃ ቀቅሉት፣ ሙሉ በሙሉ አቀዝቅዙት፣ በእርሳስ ትንሽ ነጥብ አድርጉበትና መልሱላት። ነጥቡ የተቀቀለውን ካልተቀቀለው ይለይላችኋል። ሴቷ በየሁለት ቀኑ ገደማ አንድ ስለምትጥል ለእያንዳንዱ ደግሙት። የፕላስቲክ እንቁላል ካገኛችሁም ይሆናል፣ መጠኑ ከእሷ እንቁላል ጋር ከተቀራረበ። ትታቀፍ ተዉአት። በ3 ወይም በ4 ሳምንት ውስጥ እንደማይፈለፈል ገብቷት ትታው ትነሳለች፤ ያኔ ሁሉንም አንስታችሁ ቦታውን አጽዱ፣ የኬጁን ዕቃ አቀማመጥም ለውጡ።

ዘግይታችሁ ካገኛችሁት ግን መጀመሪያ እዩት። ጨለማ ክፍል ውስጥ የስልካችሁን መብራት ከእንቁላሉ ሥር አብሩ። ከተታቀፈች አንድ ሳምንት ካለፈና ከዳበረ ቀያይ የደም ሥሮች እንደ ሸረሪት ድር ተዘርግተው ይታያሉ። ንጹሕ ቢጫ ከሆነ አልዳበረም። ደም ሥር ያለበትን መቀቀል እኔ አልችልም፤ እዚያ ደረጃ ከደረሰ ያንን አንድ ዙር አሳድጉና ለሚቀጥለው ተጠንቀቁ እላለሁ። ለዚህ ነው በየቀኑ ማየት ያለባችሁ።

ሴቷ ላባዋን ነፍታ ኬጁ ወለል ላይ ከተቀመጠች፣ እያማጠች ጭራዋ ከፍ ዝቅ ካለ፣ ሆዷ አብጦ ምንም ካልወጣ እንቁላሉ ተይዞባታል። በቀጥታ ወደ እንስሳት ሐኪም። እስክትደርሱ ሞቅ ባለ ቦታ፣ 30 ዲግሪ ገደማ፣ አየሩ እርጥበት ኖሮት ትቆይ። ሆዷን አትጫኑ፤ እንቁላሉ ውስጧ ከተሰበረ ላትተርፍ ትችላለች። ምንም ያህል ብትጠነቀቁ መጣሉን ያላቆመች ሴት ካለቻችሁም ሐኪሙን ስለ ሆርሞን ሕክምና ጠይቁት፤ የወፍ ሐኪም ባለበት አገር ከቆዳ ሥር የሚቀበር መድኃኒት አለ።

ጫጩቶቹ ቀድመው ከተፈለፈሉ

ራሳቸውን ችለው እስኪበሉ ከወላጆቻቸው አትለዩአቸው። ሴቷ ወዲያው ሌላ ዙር ከጀመረች ግን ወንዱን ከጫጩቶቹ ጋር አድርጉት፤ አብዛኛው አባት ጥሩ አድርጎ ያበላል። ላቭበርድ እህትና ወንድም ብሎ አይለይም፤ ከ6 ወር ጀምሮ፣ አንዳንዱም ቀደም ብሎ፣ ለመራባት ይደርሳል። ስለዚህ በ4 ወራቸው ወንዶቹና ሴቶቹ ተለያይተው መቀመጥ አለባቸው። ጾታቸው ካልታወቀ ወረቀት መቀደድ የጀመረችውን ቀድማችሁ አውጡ።

በዛብኝ ብላችሁ ግን አትልቀቋቸው። አብዛኞቹ ከኬጅ ወጥተው ምግብ ፍለጋ አያውቁም፣ በቀናት ውስጥ ይሞታሉ። የተረፉት ደግሞ ሌላ ጣጣ ያመጣሉ፤ ኬንያ ናይቫሻ ሐይቅ አካባቢ ከሰው እጅ ያመለጡ ፊሸርና ማስክድ ተዳቅለው ቀድሞ ያልነበረ የወፍ መንጋ ፈጥረዋል። እኛ ደግሞ ራሱን የቻለ የደጋ ላቭበርድ አለን፤ የሚያድርበትና የሚፈለፍልበት የዛፍ ጉድጓድ እንደሆነ ዛፉ በተቆረጠ ቁጥር እያነሰ ነው። የሚወስድ ሰው እስኪገኝ እናንተው ጋ ይቆዩ፤ ወንዶቹ በአንድ ሰፊ ኬጅ፣ ሴቶቹ ደግሞ እየተጣሉ ካስቸገሩ ለየብቻ።